ተራራውንና ጀልባዋን በመስታወት የለዩት፦ የአቶ ንዋይ ይመር የሕይወት ታሪክ (1920 – 1966 ዓ.ም.)

አቶ ንዋይ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴናት ብዙነህ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ታኅሣሥ 3 ቀን 1920 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ በዓታ ስለነበር በቀኑ ላይ ክርክር የለም። በዓመቱ ግን የመሥሪያ ቤታቸው ፋይል አንድ ነገር ይላል፣ እናታቸው ሌላ ይላሉ። እኛ በቦታው የነበሩት እናታቸው ስለሆኑ የእሳቸውን ይዘናል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ የሻሽወርቅ ነኝ፤ የታናሽ ወንድማቸው የይልቃል ይመር ባለቤትና በአሰብ ከተማ መምህርት ነኝ። ቤተሰቡ የመረጠኝ እጅ ጽሑፌ ይነበባል ብሎ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ። ጋሼ ንዋይ ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ ታሪካቸው በሚነበብበት ቀን መሳቅ የፈለገ ሰው እንዳይከለከል አደራ ብለውኛል። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን ይቅር ይበሉን እንጂ አደራቸውን እጠብቃለሁ።

በልጅነታቸው በቦሩ ሜዳ ዳዊት ደገሙ፤ በ1934 ዓ.ም. ደሴ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1939 ዓ.ም. ለሬዲዮ ኦፕሬተርነት ሥልጠና ተመርጠው አዲስ አበባ ሄዱ። ኑሯቸውን ሁሉ የወሰነው ነገር ያጋጠማቸው እዚያ ነው። አንድ መምህር የጀበና አፍ የምታህል ክብ መስታወት ያለው የሞገድ ማሳያ መሣሪያ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ከማይክሮፎን ጋር አገናኙት። መምህሩ ሲናገሩ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር ተንቀጠቀጠ። ተማሪ ንዋይም ተራቸው ሲደርስ አፏጩ፤ መስመሩም ቁጭ ብድግ የሚል የተስተካከለ ማዕበል ሆነ። ድምፅን በዓይናቸው አዩት። ከዚያ በኋላ ፉጨታቸውን ማቆም ስላቃታቸው ከክፍል ተባርረው ቀሪውን ትምህርት በመስኮት ተከታተሉ። ያም ሆኖ በሥልጠናው ሁለተኛ ወጡ።

ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በምጽዋ በሬዲዮ ኦፕሬተርነት አገለገሉ። በ1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትሩፋት ሙሉአለም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ዓለምዘውድን፣ ብርቅዬንና ወልዴን አፈሩ። ወይዘሮ ትሩፋት እንደሚሉት፣ ሙሽራው በሠርጋቸው ማግስት ከምጽዋ ወደብ ተጥሎ ያገኙትን የተሰነጠቀ የሞገድ ማሳያ መስታወት ይዘው ገብተው መኝታ ቤት ውስጥ ሰቀሉት። ሙሽሪት የቅዱሳን ሥዕል ሊሰቀልበት የታሰበ ምስማር ነው ብለው ቢያዝኑም ከሳምንት በኋላ ሌላ ምስማር ተመታ።

በ1954 ዓ.ም. አዲሱ ወደብ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ባሕረ ሰላም የመርከብ አገልግሎት የተባለ የግል ድርጅት ቀጥሯቸው ወደ አሰብ መጡ። ድርጅቱ አንድ ጎታች መርከብ ነበረው፤ ከአንድ ከተፈታ አሮጌ መርከብ የወጣ ራዳርም ገዝቶ በባሕሩ ዳር ባለች የእንጨት ጎጆ ውስጥ አስተክሎ ነበር። ጋሼ ንዋይ ጎጆዋን ሲረከቡ በሩን ዘግተው ሦስት ቀን አልወጡም ይባላል። በሐምሌ ነው ይህ። በአሰብ ሐምሌ በር ዘግቶ ለሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው ወይ ጻድቅ ነው ወይ ራዳር ይዟል።

ስለ ራዳሩ አሠራር በጠየቃቸው ሁሉ ፊት ወንበር ስበው ለማስረዳት ይቀመጡ ነበር፤ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ያልተማረ ካለ አዲስ መጤ ነው። ጠርሙስ የሚሉት የራዳሩ ማሳያ አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ የሰፋ፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት መስታወት ነው። በአንገቱ ጫፍ ላይ እንደ ምድጃ ሽቦ የምትግል ትንሽ ክር አለች። ክሯ ስትግል ኤሌክትሮን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ትተፋለች። እነሱም እንደ ክር ቀጥነው ወደ መስታወቱ ፊት ይወረወራሉ። በአንገቱ ዙሪያ የተጠቀለለው ሽቦ ማግኔት ሆኖ ይህን የኤሌክትሮን ክር ወደፈለገበት ያጣምመዋል። የመስታወቱ ፊት ከውስጥ በዱቄት ተቀብቷል፤ ዱቄቱ ክሩ ሲነካው ያበራል። አንቴናዋ በጎጆው ጣራ ላይ ስትዞር በመስታወቱም ላይ የብርሃን መስመር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፤ መርከብ ባለበት ነጥብ ጥሎ ያልፋል። የራዳር ዱቄት ደግሞ ቶሎ አይረሳም፤ መስመሩ ዞሮ እስኪመለስ ነጥቡን ይዞ ይቆያል። ጋሼ ንዋይ ይህን ሲያስረዱ ዱቄቱን እንደ ዘመድ ያመሰግኑት ነበር።

በ1958 ዓ.ም. አንድ መርከብ ላይ የሚሠራ ኤሌክትሪሲያን አሮጌ የሞገድ ማሳያ መስታወት ሰጣቸው። እሳቸውም ከሬዲዮ ዕቃ ጋር አጋጥመው ቴሌቪዥን ሠሩበት። የቴሌቪዥኑ ፊት የሻይ ማቅረቢያ ሰሃን ያህላል፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። በጣራቸው ላይ የተከሉት የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ሙቀቱ በበረታባቸው ቀኖች፣ ከባሕሩ ማዶ ከኤደን የሚተላለፈውን ሥዕል ይይዝ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ፤ አረንጓዴ ዜና አንባቢ፣ አረንጓዴ ዘፋኝ፣ አረንጓዴ ግመል አየን ብሎ ተመለሰ። በቴሌቪዥን ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ያሰምርና ወርዶ ሌላ ያሰምራል፤ ስድስት መቶ ሃያ አምስት መስመር ሲሞላ አንድ ሥዕል ይሆናል፤ በአንድ ሴኮንድ ሃያ አምስት ሥዕል። ይህን ሲያስረዱ የሠፈራችን የመናዊ ልብስ ሰፊ፣ ሥዕሉ የሚመጣው ከኤደን ከሆነ ክሩ ለምን ከቀኝ ወደ ግራ አይጽፍም ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ንዋይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኙ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨነቁ፤ በመጨረሻም የሽቦውን ጫፎች ገልብጠው ለልብስ ሰፊው ብቻ ከቀኝ ወደ ግራ አሳዩት። ዜና አንባቢው በግራ እጁ መጻፍ ጀመረ እንጂ ሌላ ለውጥ አልተገኘም።

ያ ቴሌቪዥን ሁለት ወር ቆየ። በአሰብ የመጠጥ ውኃ እንዲቀዘቅዝ ጠርሙሱን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለን ነፋስ ላይ እንሰቅላለን። ወይዘሮ ትሩፋት ባለቤታቸው ያ ጠርሙስ ይግላል፣ ሙቀት ይገድለዋል እያሉ ሲጨነቁ ሰምተው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በደግነት ቴሌቪዥኑን በረጠበ ጆንያ ሸፈኑት። በውስጡ ዐሥር ሺህ ቮልት ገደማ ነበር። ድምፁን የወደብ ሠራተኞች ሰምተዋል። ጋሼ ንዋይ ሮጠው መጥተው በመጀመሪያ የሚስታቸውን እጆች፣ ቀጥሎ ቅንድባቸውን መረመሩ፤ ሁሉም በቦታው መሆኑን ሲያረጋግጡ መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወይዘሮ ትሩፋት ይህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገባ የፈቀዱት በራሳቸው ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ተራራው እመጣለሁ። በሰኔ 1959 ዓ.ም. ከባሕሩ በስተሰሜን ጦርነት ተነስቶ የስዊዝ ቦይ የተዘጋ ሰሞን ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነበር። አንድ ማለዳ ጋሼ ንዋይ በራዳሩ መስታወት ላይ፣ ከወደቡ በስተምሥራቅ ስምንት ማይል ላይ፣ በረድፍ የተሰለፉ ዐሥራ ሰባት ትልልቅ ነጥቦች አዩ። ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ የጦር መርከቦች እየመጡብን ነው ብለው ለፈረቃው ኃላፊ ለአቶ ስለሺ አመለከቱ፤ የጎታቹ መርከብ ሳይረን ተነፋ። ሱቆች ተዘጉ። ከፊሉ ሰው ወደ ጨው ማምረቻው ሸሸ፤ ከፊሉ ሊያይ ጣራ ላይ ወጣ። ባሕሩ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር፤ በላዩ አንድ የዓሣ ጀልባ እንኳን አልነበረም። ነጥቦቹ ግን እስከ እኩለ ቀን ከመስታወቱ አልጠፉም።

ነጥቦቹ የየመን ተራሮች ነበሩ። አንቴናዋ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ አጭር የሬዲዮ ጩኸት ትልካለች፤ ጩኸቱ ነገር ነክቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ አይታ ርቀቱን በነጥብ ታሳያለች። በአሰብ ሙቀት ግን በባሕሩ ላይ የሚተኛው አየር ጩኸቱን ተሸክሞ እጅግ ሩቅ ያደርሰዋል። ከሩቅ ተራራ መልሱ እስኪመጣ ሁለተኛው ጩኸት ቀድሞ ወጥቷል፤ መሣሪያዋም ዘግይቶ የመጣውን የፊተኛውን መልስ ለኋለኛው ትሰጠዋለች። በዚህ ምክንያት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ተራራ ደጃፍ ላይ የቆመ መርከብ ይመስላል።

ይህንን ያወቁት ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ያወቁት መሳቂያ መሆናቸውን ብቻ ነው። የወደብ ሰው «አድሚራል» አላቸው፤ የአረብና የአፋር መርከበኞች ደግሞ ናኹዳ ጀበል፣ የተራራ ካፒቴን አሏቸው። ገበያ ሲወጡ ሰላምታ የሚሰጧቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነበር። ጋሼ ንዋይ አብረው ይስቁ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን ይከፉ እንደነበር ወይዘሮ ትሩፋት ነግረውኛል። የመሣሪያውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እያገላበጡ ሁለት ዓመት አነበቡት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም ደመወዝ አልጨመረላቸውም። ከጥናቱ ያገኙት ነገር አንድ ነው። የጩኸቱን ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚላክ፣ በማብሪያ ማጥፊያው ሲቀይሩት ዘግይቶ የሚመጣው የሩቅ ተራራ ነጥብ ቦታውን ለቅቆ ይዘላል፤ በእርግጥ እዚያ ያለው ነገር ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ወዲህ በሰም እርሳስ በመስታወቱ ላይ እያንዳንዱን ነጥብ ምልክት ያደርጉበት፣ ፍጥነቱን ይቀይሩ፣ ምልክቱን ጥሎ የሸሸውን በመሐረብ ያጠፉት ጀመር። በየቀኑ ማለዳና ከሰዓት በኋላ ይህንን ያደርጉ ነበር። አቶ ስለሺ መሐረቡን ሲያዩ «አድሚራሉ የመንን እያጠቡ ነው» ይሉ ነበር። አቶ ስለሺ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ይህንን እንዳልተወው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።

ሰኔ 26 ቀን 1961 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ሳምቡክ የሚሉት ዓይነት አንዲት የእንጨት ጀልባ ዐሥራ አንድ ሰው ጭና በሰሜን ካለችው የባሕር ዳር ከተማ ከዒድ ወደ አሰብ ተነስታለች፤ አልደረሰችም። ከዒድ በሬዲዮ ጠይቀው ነበር። ጠዋት የተነሳው ካምሲን የሚባለው የአሸዋ ነፋስ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይዋን ደፍኖ፣ ከወደቡ ግድግዳ ላይ ቆሞ ውኃው እንኳን አይታይም ነበር። ጎታቹ መርከብ ሊፈልጋት ቢወጣ ወዴት ይሂድ? ሁሉም ካለች በሰሜን ናት ብሎ ገምቷል። በዚያ በኩል ያለው ደግሞ ቋጥኝ ስለሆነ በጭፍን መግባት ሞት ነው።

ጋሼ ንዋይ ከብርሃን ለመከለል ፎጣ በራሳቸውና በመስታወቱ ላይ ደፍተው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። የየመን ተራሮች በምሥራቅ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈዋል። ከተራሮቹ መካከል አንዲት ደቃቃ ነጥብ ነበረች፤ መስመሩ ሲዞር አንዴ ትበራለች፣ ሁለቴ ትጠፋለች። ሁሉንም ምልክት አደረጉባቸው። ፍጥነቱን ቀየሩ። ተራሮቹ ምልክታቸውን ጥለው ሸሹ፤ ደቃቃዋ ነጥብ በሰም ክቧ ውስጥ ቀረች። ደግመው ቀየሩ፤ እዚያው ነበረች። ከዚያ አቶ ስለሺን አስጠሩ።

በአቶ ስለሺ ማንም አይፍረድ። ነጥቧ የታየችው ማንም ባልጠበቀበት በኩል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከተማውን ባስሸሹት ተራሮች መካከል፣ በዚያው ሰው መስታወት ላይ ነው። ጀልባ ሆና ጎታቹ ካልወጣ ዐሥራ አንድ ሰው ያልቃል። ተራራ ሆና ጎታቹ ከወጣ ደግሞ ስድስት ባሕረኞች ስለ ምንም ነገር በካምሲን መካከል ይጣላሉ። በዚህ ላይ የጎታቹ ሞተሪስት በወባ ተኝቷል። ወንድማቸው ይልቃል በነዳጅ ማጣሪያው የፓምፕ ቴክኒሺያን ነው፤ ያን ቀን ፈረቃው ስላልነበረ የወንድሙን ምሳ ሰርቪስ በሚባለው ድርብርብ የምሳ ዕቃ ይዞ መጥቶ በጎጆዋ በር ቆሞ ነበር። ሞተሩን እኔ እይዛለሁ አለ።

አቶ ስለሺም፣ «ንዋይ፣ ዛሬም ተራራ ቢሆንስ?» አሏቸው።

ጋሼ ንዋይ ፎጣውን ከራሳቸው አወረዱ። «አቶ ስለሺ፣ ተራሮቹ ከምልክታቸው ሄደዋል፤ ይቺ አልሄደችም። የምልከው የእናቴን ልጅ ነው፤ ካልተማመንኩ አልክም» አሉ።

ጎታቹ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጋሼ ንዋይ በመስታወቱ ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ እያዩ፣ በሬዲዮ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥ፣ አሁን ቀንሱ እያሉ ወሰዱት። ከጎታቹ ላይ ያሉት ሰዎች የራሳቸውን አፍንጫ እንኳን አያዩም ነበር። አቶ ስለሺ ከጎናቸው ቆመው ምሳው ከነሰርቪሱ ሲቀዘቅዝ ያዩ ነበር ይላሉ፤ በአሰብ ምሳ ይቀዘቅዛል ወይ የሚል ካለ እሳቸውን ይጠይቅ።

እኔ በዚያች ሳምቡክ ውስጥ ነበርኩ። በዒድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመቴን አስተምሬ፣ ፈተና አርሜ ወደ አሰብ እመለስ ነበር። ሞተሯ ከቆመ አንድ ቀን አልፎን፣ ሸራዋ ተቀዶ፣ ነፋሱ ወደ ባሕሩ ጠባብ መውጫ በር እየገፋን፣ ሴቶችና ወንዶች ሳንለይ ውኃ በጣሳ እንጨልፍ ነበር። እጆቼ ደምተው ነበር። በሕይወት እደርሳለሁ ማለቱን ትቼ፣ የፈተና ወረቀቶቹ ሲረጥቡ ለተማሪዎቹ ማን ውጤት ይነግራቸዋል እያልኩ አለቅስ ነበር። ከዚያ ከቡናማው አቧራ ውስጥ የጎታቹ አፍንጫ፣ በአስፋልት ላይ እንደሚመጣ መኪና፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ወጣ። ሳይረን አልነፋም፤ አልዞረም፤ አልፈለገንም፤ መጣ እንጂ። የጀልባችን ካፒቴን ናኹዳ ሑመድ ጣሳውን ጥለው «ማን ነገራቸው?» አሉ።

እኔን ከሳምቡኳ ጎትቶ ያወጣኝ እስከ ክርኑ በግራሶ የተለወሰ ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት የሱፍ ብርድ ልብስ አለበሰኝ፤ ላብ በላብ ሆኜም እንዳላወልቀው ተቆጣኝ። ይህ ይልቃል ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ታሪኩ የወንድሙ ነው።

በመስታወቱ ላይ ሁለቱ ነጥቦች ተጋጥመው አንድ ሆኑ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላም አንዷ ነጥብ ወደ ወደቡ ዞረች። ጋሼ ንዋይ ይህንን ሲያዩ ማልቀስ ጀመሩ፤ አቶ ስለሺም አለቀሱ። የወደቡ ግድግዳ ላይ ስንወርድ አንድ ፎጣ ያንጠለጠሉ ሰው ቆመው ጣታቸውን እየቀሰሩ ይቆጥሩን ነበር። ዐሥራ አንድ ሲሞላ ወደ ጎጆዋ ተመለሱ። እኒያ ማን ናቸው ብዬ ስጠይቅ፣ «አድሚራሉ ናቸው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ስሙን አልተወላቸውም፤ ሲጠራቸው ግን ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ድርጅቱ ምን እንሸልምዎት ሲላቸው አዲስ የራዳር ጠርሙስ ጠየቁ። የአሮጌው ዱቄት መሐሉ ላይ ተቃጥሎ ነበርና።

እኔና ይልቃል ጥር 1962 ዓ.ም. ተጋባን። ሚዜው ጋሼ ንዋይ ነበሩ፤ በሠርጋችንም ስለ ኤሌክትሮን ንግግር አደረጉ።

በ1964 ዓ.ም. አንድ የመርከብ ሬዲዮ ኦፊሰር የተወላቸው መጽሔት ላይ አንድ ፎቶግራፍ አዩ። ኮምፒዩተር የሚባለው የስሌት መኪና መልሱን በወረቀት ማተሙን ትቶ በመስታወት ላይ በብርሃን ፊደል ይጽፋል፤ ሰውየውም እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ ነገር እየመታ ይመልስለታል። ጋሼ ንዋይ ያንን ገጽ ቆርጠው በኪሳቸው ይዘው ዞሩ። መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ነጥብ፣ ቀጥሎ ሥዕል፣ አሁን ደግሞ ጽሕፈት፤ ያው የምናውቀው ጠርሙስ ነው ይሉ ነበር። ልጆቻችን ደብዳቤያቸውን በመስታወት ላይ ይጽፋሉ ብለው በዕድር ስብሰባ ላይ ቢናገሩ፣ ታዲያ ፖስተኛው እንዴት ይሸከመዋል ተብለው ተጠየቁ። እዚያ ገና አልደረስኩም ብለው ተቀመጡ።

ፈረንጅ የጻፈውን የእኛም ፊደል ያቅተዋል ወይ ብለው ግን ሥራ ጀመሩ። ለክሩ ከሁሉ የሚቀለው ክብ መሥራት ነው፤ አንዱን ሞገድ ወደ ጎን፣ ሌላውን ወደ ላይ ሲሰጡት ክብ ይወጣል። ስለዚህ በኅዳር 1965 ዓ.ም. በክፍሌ ለሃምሳ ስድስት ተማሪዎች በመስታወት ላይ በብርሃን የተጻፈች ዐ አሳዩ። ትልቋ ልጃቸው ዓለምዘውድ ለስሜ እግር ያስፈልጋታል አለች። እግሯ እስከ ፋሲካ አሠራቻቸው፤ የክሩን ጉዞ በሁለት መክፈል፣ ሁለቱን ማፈራረቅ፣ ዓይን ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዲያያቸው ማፋጠን ነበረባቸው። ያወጧት ዓ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዓለምዘውድ የምትንቀጠቀጠው ስለ ሳቀች ነው ብላ ለጓደኞቿ አስረዳች። በእውነት የዚያን ቀን ከጋሼ ንዋይ የበለጠ ደስ ያለው ሰው በአሰብ አልነበረም።

በጥር 1966 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። በሚያዝያ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ሐኪሞች የሚችሉትን አደረጉላቸው፤ የቀረውን ጊዜ በቤታቸው ማሳለፍ ስለፈለጉ ተመለሱ። በሕመማቸው ጊዜ አልጋቸው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚሄደው አንድ ነገር ተምሮ ነበር። ከማረፋቸው አራት ቀን አስቀድሞ ናኹዳ ሑመድ ከዒድ መጡ። የደረቀ ዓሣ በዘምቢል ይዘው ነበር። ጋሼ ንዋይ ከጀልባዋ የወጣነው ደህና መሆናችንን ሲጠይቁ ናኹዳ ሑመድ አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ወደ መንደሩ ወደ ደባይሲማ ተመልሶ ግመል አረባ። ከእናቷ ጋር የነበረችው ሕፃን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አብሮን የነበረው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ሁለት ወልዷል፤ በጀልባዋ አብሮን የነበረው የናኹዳ ሑመድ ልጅም ሦስት። ጋሼ ንዋይ እንደዚያ ቀን ጣታቸውን እየቀሰሩ አብረው ይቆጥሩ ነበር።

አቶ ንዋይ ይመር ሰኔ 18 ቀን 1966 ዓ.ም. ማክሰኞ ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ወንድማቸው አጠገባቸው እያሉ፣ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ የዕድራቸው አባላት፣ የወደብና የማጣሪያው ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከባሕሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ እስላም ወንድሞቻችን በተገኙበት በዛሬው ዕለት ይፈጸማል።

አቶ ንዋይ እናታቸውን ወይዘሮ እቴናት ብዙነህን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትሩፋት ሙሉአለምን፣ ልጆቻቸውን ዓለምዘውድን፣ ብርቅዬንና ወልዴን፣ ወንድማቸውን ይልቃልን ትተው አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ዝርዝሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔ ግን አላበቃሁም። ሰኔ 26 ቀን 1961 ዓ.ም. የወደቡ ግድግዳ ላይ የቆጠሩን ዐሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ከእኛ የሞተ የለም። ከናኹዳ ሑመድ ጋር አልጋቸው ላይ ሆነው በቆጠሩት ቁጥር፣ ከነልጆቻችን ዐሥራ ዘጠኝ ሆነናል። እሳቸው ግን ሲቆጥሩ ሃያ አሉ። ተሳስተዋል ብለን እርስ በርስ ተያየን። ጋሼ ንዋይ ወደ ሆዴ ጠቆሙ። እኔ ለይልቃል እንኳን ገና አልነገርኩትም ነበር።

በአቧራ መካከል የተሰወረውን ሁሉ የሚያይ እግዚአብሔር፣ እሳቸው እኛን ፈልገው እንዳገኙን እሱም ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ ቅዱሳን መካከል ያግኛት፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለሃያችንም ዕድሜ ይስጠን። አሜን።